ለአንድ ጥያቄ አምስት ቁጥር፦ የኖርማል ዲስትሪቢዩሽን ስሌት በሶፍትዌር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ባዮስታት ላይ የቤት ሥራ ተሰጠን። የሁለት ዓመት ወንድ ልጆች ቁመት አማካዩ 87 ሳንቲ ሜትር፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን ቢኖረው፣ አንድ ልጅ ከ81 ሳንቲ ሜትር በታች የመሆን ፕሮባቢሊቲው ስንት ነው ይላል። እኔ በኤክሴል 0.018 አገኘሁ። አንድ ጓደኛዬ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሠርቶ 0.02275 አገኘ። ሌላዋ በዚያው በአር 0.2525 ወጣላት። ሃንዳውቱ ላይ ያለው ሰንጠረዥ 0.4772 ይላል። ኤስፒኤስኤስ ደግሞ 0.02 ብሎ ዝም አለ። ማንን ልመን? ልምምዱንስ እንዴት ልያዘው? ፈተና ደርሷል።»

የመጀመሪያው ጓደኛሽ ልክ ነው። መልሱ 0.02275 ነው። ኤስፒኤስኤስም አልተሳሳተም፤ የዴሲማሉን ጭራ ቆርጦ አሳየሽ እንጂ። የቀሩት ሦስቱ ላይም የስሌት ስህተት የለም። እያንዳንዱ ቁጥር ለሆነ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው፣ ጥያቄው ግን ያንቺ አይደለም። ሶፍትዌር «ይቅርታ፣ ይህን ማለትሽ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሰጠሽውን ይቀበላል፣ ቁጥር ያወጣል፣ በቃ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ እንየው። ፈተና ላይም የሚመጡብሽ እነዚሁ ናቸው። ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ በላቲኑ ምቻቸው።

ምንም ነገር ከመክፈትሽ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አንሺ። ደወል የሚመስለውን ኩርባ ሳዪ። መሃሉ ላይ 87 ጻፊ። አንድ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካ ነው) ግራና ቀኝ ስትሄጂ 84 እና 90፣ ሁለት ስትሄጂ 81 እና 93 ታገኛለሽ። አሁን ከ81 በስተግራ ያለውን ጭራ አጥቁሪው። ከልጆቹ 95 በመቶ የሚሆኑት በ81 እና በ93 መካከል ናቸው። የሚተርፈው 5 በመቶ ለሁለቱ ጭራዎች እኩል ይካፈላል። ስለዚህ መልሱ 2.5 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ላፕቶፑ ሳይከፈት 0.2525 እና 0.4772 ወደቁ።

0.018 ግን አመለጠን። ለትክክለኛው መልስ ቅርብ ስለሆነ በግምት አይያዝም። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው፤ ረዘም አድርጌ የማየውም ለዚህ ነው።

ኤክሴል ላይ የጻፍሽው ኖርም.ዲስት(81, 87, 3, ፎልስ) ነው፤ ሳላየው እወራረዳለሁ። አራተኛው ቦታ ላይ ትሩ ወይም ፎልስ ይገባል። ትሩ ስትዪው ከ81 በስተግራ ያለውን ስፋት በሙሉ ደምሮ 0.02275 ይሰጥሻል። ፎልስ ስትዪው ደግሞ ኩርባው 81 ላይ ያለውን ከፍታ ይነግርሻል፤ እሱ ነው 0.018። ከፍታ ፕሮባቢሊቲ አይደለም። የመኪና ዳሽቦርድ 60 ሲል በዚያች ቅጽበት ያለሽን ፍጥነት ነገረሽ እንጂ 60 ኪሎ ሜትር ሄደሻል አላለሽም። የሄድሽውን ለማወቅ ፍጥነቱ በጊዜ መባዛት አለበት። እዚህም ፕሮባቢሊቲ የምታገኚው ከፍታውን በተወሰነ ርቀት ላይ ስትደምሪ ነው።

ካላመንሽኝ ይህን ሞክሪ። ቁመቱን ወደ ሜትር ቀይሪው፤ 0.81፣ 0.87 እና 0.03 ይሆናል። በፎልስ ስታስሊው 1.8 ይወጣል። ከ1 የሚበልጥ ፕሮባቢሊቲ የት አገር አለ? ልጁ ያው ልጅ ነው፣ መለኪያው ብቻ ነው የተቀየረው። በትሩ ስታስሊው ግን አሁንም 0.02275 ነው። እኔ ለተማሪ ይህን ልዩነት በቃል ከማስረዳት ይልቅ ይህችን ነገር በገዛ እጁ እንዲሠራት ብሰጠው እመርጣለሁ። አንዴ 1.8ን ያየ ሰው አራተኛዋን ቦታ አይረሳትም።

ታዲያ ከፍታው ምን ያደርጋል? ለመሳል ይጠቅማል። ኩርባውን ቻርት ላይ ማውጣት ስትፈልጊ ፎልስ ነው የሚያስፈልግሽ። የላይክሊሁድ ስሌት ላይም ትገናኛላችሁ፤ ያ የሌላ ሴሚስተር ጣጣ ነው።

0.2525 ወደወጣላት ጓደኛሽ እንሂድ። የጻፈችው ፒኖርም(81, 87, 9) ነው፤ ፒኖርም አር ላይ ከቁጥሩ በስተግራ ያለውን ስፋት የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም። መጻሕፍት ይህን ዲስትሪቢዩሽን ብዙውን ጊዜ ኤን(87, 9) ብለው ነው የሚጽፉት። ሁለተኛው ቁጥር ቫሪያንስ ነው፣ 3 በራሱ ተባዝቶ። አር፣ ኤክሴል፣ ኤስፒኤስኤስና ፓይተን ግን የሚፈልጉት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ነው። 9 ሲሰጠው አር በጣም የተዘረጋ ጠፍጣፋ ደወል ወሰደ። እዚያ ደወል ላይ ሩብ ያህሉ ልጅ ከ81 በታች ይወድቃል። ጥያቄው ላይ «ቫሪያንስ» የሚል ቃል ካየሽ መጀመሪያ ስኩዌር ሩቱን አውጪ።

ሁለቱንም ቁጥሮች ጭራሽ ረስተሽ ፒኖርም(81) ብቻ ብትዪው ደግሞ 1 ይልሻል። አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ካልተነገረው 0 እና 1 ናቸው ብሎ ነው የሚሄደው። ለሱ 81 ማለት ከመሃል 81 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የራቀ ጉድ ነው። ጥርት ያለ 1 ወይም ጥርት ያለ 0 ከወጣልሽ ተጠራጠሪ።

የሃንዳውቱ 0.4772 ከመሃል እስከ ዜድ ያለው ስፋት ነው። ዜድ ማለት ቁጥርሽ ከአማካዩ ስንት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን እንደራቀ ነው። ዜድሽ 81 ሲቀነስ 87፣ ለ3 ሲካፈል −2 ነው። ሰንጠረዡ አሉታዊ ቁጥር ስለማይዝ 2ን ነው ያየሽው። የደወሉ ግማሽ 0.5 ስለሆነ 0.5 ሲቀነስ 0.4772 ይሆናል 0.0228። ደረስሽ ማለት ነው። ሌላ መጽሐፍ ብትከፍቺ እዚያው 2 ላይ 0.9772 ታገኛለሽ፤ እሱ ከግራ ጫፍ ጀምሮ የደመረ ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ የቀኙን ጭራ ብቻ የሚሰጥ። ብዙዎቹ ሰንጠረዦች ራስጌ ላይ ትንሽ የጠቆረ ደወል አለ። ቁጥሩን ከማንበብሽ በፊት እሷን እይ። ፈተናው በሰንጠረዥ ከሆነ ግማሽ ነጥብሽ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ኤስፒኤስኤስ ሁለት ዓመል አለው። ስሌቱ የሚሠራው «ትራንስፎርም» ውስጥ ባለው «ኮምፒዩት ቫሪያብል» ነው፣ ሲዲኤፍ.ኖርማል(81, 87, 3) ብለሽ። መጀመሪያ ዳታው ባዶ ከሆነ ምንም አይሠራም። አንዷ ሴል ላይ ማንኛውንም ቁጥር ጣል አድርጊ፣ መልሱን የሚያስቀምጥበት ረድፍ ይፈልጋል። ሁለተኛው ያንቺ ችግር ነው። አዲስ ቫሪያብል ሲፈጥር የሚያሳየው ሁለት ዴሲማል ብቻ ነው። «ቫሪያብል ቪው» ግቢና ዴሲማሉን 5 አድርጊው፤ 0.02275 ይገለጥልሻል። ቁጥሩ ድሮም ውስጥ ነበር። 0.004 የሆነ መልስ ቢኖርሽ እኮ 0.00 ብሎ ነው የሚያሳይሽ፤ «ዜሮ ነው» ብለሽ ብትጽፊ ማን ይፈረድበታል?

ስታታ የሚባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ ኖርማል የሚባለው ትዕዛዝ የሚቀበለው ዜድን ብቻ ነው። አማካዩንና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ራስሽ አስገብተሽ ዲስፕለይ ኖርማል((81-87)/3) ትያለሽ።

ለልምምድ ግን አርን ምረጪ። ነፃ ነው፣ ላይሰንስ ፍለጋ ፍላሽ ይዞ መዞር የለም። ከሁሉም በላይ ስያሜው ራሱ ያስተምራል። «ኖርም» ከሚለው ፊት አንድ ፊደል ትጨምሪያለሽ። ዲ ከፍታውን፣ ፒ ስፋቱን፣ ኪው ተገላቢጦሹን፣ አር ደግሞ በዘፈቀደ የተፈጠሩ ቁጥሮችን ይሰጥሻል። ይህን ካወቅሽ ሌሎቹንም አወቅሽ። ለባይኖሚያል (ከተወሰነ ቁጥር ውስጥ ስንቱ እንደሚሆን የሚቆጥር ዲስትሪቢዩሽን) ዲባይኖም፣ ፒባይኖም እያለ ይቀጥላል። ለፖይሰን ዲፖይስ፣ ፒፖይስ። ላፕቶፕ ከሌለሽ ስልክሽ ላይ ጂኦጀብራን ጫኚ። የፕሮባቢሊቲ ካልኩሌተሩ ደወሉን ስሎ ስፋቱን በጣትሽ እንድትጎትቺ ያደርግሻል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ተማሪ ብዙ የሚወድቅበት ኪው ላይ ነው። ፒ ቁመት ሰጥተሽው ፕሮባቢሊቲ ይመልሳል፤ ኪው ፕሮባቢሊቲ ሰጥተሽው ቁመት ይመልሳል። «ረጃጅሞቹ 5 በመቶ ከስንት ሳንቲ ሜትር ይጀምራሉ?» ቢልሽ እጅሽ ወደ ኪውኖርም(0.05, 87, 3) ይሮጣል። የሚወጣው 82.07 ነው። ረጅም ልጅ ከአማካዩ በታች ሊሆን አይችልም! ሶፍትዌሩ ሌላ ካልነገርሽው ከግራ ነው የሚቆጥረው። ከላይ 5 በመቶ ማለት ከግራ 95 በመቶ ነው፤ ኪውኖርም(0.95, 87, 3) ስትዪው 91.93 ይላል። ደወሉን ቀድመሽ ስለሽ ቢሆን ኖሮ 82ን ስታዪው ትስቂበት ነበር። ኤክሴል ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ኖርም.ኢንቭ ነው።

ባይኖሚያል ላይ አንድ ወጥመድ ስላለ ቶሎ ልንገርሽና እናልፋለን። ቁመት ተከታታይ ነገር ስለሆነ «ከ81 በታች» እና «81 ወይም በታች» ለኖርማል አንድ ናቸው። ቆጠራ ላይ ግን ይለያያሉ። የቤት ሥራሽን ልጆች እንውሰድና ከ100ው ቢያንስ 5ቱ ከ81 በታች የመሆን ዕድልን እንፈልግ። «ቢያንስ 5» ማለት ከ1 ላይ እስከ 4 ያለውን መቀነስ ነው፤ 1-ፒባይኖም(4, 100, 0.02275)። መልሱ 0.079 አካባቢ ነው። 4 በሚለው ቦታ 5 ብትጽፊ 0.027 ይወጣል። በአንዲት ቁጥር ምክንያት መልሱ ወደ ሲሶ ወረደ።

አሁን ወደምወደው ክፍል። ቁጥሩን ከማስላት ባለፈ እንዲታይሽ ከፈለግሽ ልጆቹን ራስሽ ፍጠሪያቸው። ኤክስ <- አርኖርም(100, 87, 3) ብለሽ 100 ልጅ አስወልጂ። ከዚያ ሚን(ኤክስ < 81) በዪ (ሚን እዚህ አማካይ ነው፣ ትንሹ ቁጥር አይደለም)፤ ይህ ከ81 በታች የሆኑትን ድርሻ ይሰጥሻል። 0.0228 ትጠብቂያለሽ። ምናልባት 0.02 ይልሻል። ድገሚው። 0.04። ድገሚው። 0። አዎ፣ አንድም ልጅ የለም። ተበላሽቶ አይደለም። ከ100 ልጅ አንድም ከ81 በታች ያለመገኘት ዕድሉ 10 በመቶ ነው፤ ስሌቱ 0.97725 ወደ 100ኛ ፓወር ከፍ ማድረግ ነው። አሁን 100ን 10000 አድርጊው። ሺህ ጊዜ ብትደጋግሚው ከ0.020 እስከ 0.026 ባለው ክልል ውስጥ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሰው። የናሙና መጠን ለምን እንደሚያሳስባቸው መምህራን በሰሌዳ ላይ ከሚነግሩሽ ይልቅ ይህ ያሳምንሻል። መልሱ ከጓደኛሽ ጋር አንድ እንዲሆን ከፈለግሽ ከመጀመርሽ በፊት ሁለታችሁም ሴት.ሲድ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ስጡት።

የቤት ሥራሽ ቁጥሮች ደግሞ ዝም ብለው የተፈጠሩ አይመስሉኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የልጆች ዕድገት መለኪያ ላይ የ24 ወር ወንድ ልጅ ቁመት መሃሉ 87.1 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። መለኪያው የተሠራው ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከህንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተወሰዱ፣ በጥሩ ሁኔታ ባደጉ ልጆች ላይ ነው። ከመሃሉ ሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በታች የሆነ ልጅ ቀንጭሯል ይባላል። 81 ያልሽው ቁጥር የመቀንጨር መስመር ነው። ፒኖርም(-2) ደግሞ 0.02275 ነው። ማለትም በደንብ በበሉና በታከሙ ልጆች መካከል እንኳ ከመቶው ሁለት የሚሆኑት በተፈጥሯቸው አጭር ስለሆኑ ብቻ ከመስመሩ በታች ይገኛሉ።

የኢትዮጵያን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጪው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 በመቶው ቀንጭረው ነበር። በ2016 ወደ 38 በመቶ ወረደ። አሁን ኪውን እናሠራው። ከሳንቲ ሜትር ወደ ዜድ እንሻገርና የደወሉ ስፋት አልተቀየረም፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ በዜድ 1 እንደሆነ ቀረ ብለን እናስብ። 38 በመቶው ከ−2 በታች እንዲወድቅ መሃሉ የት መሆን አለበት? ኪውኖርም(0.38) −0.31 ያህል ነው። ስለዚህ መሃሉ −2 ሲደመር 0.31፣ −1.69 ላይ ነው። በ58 በመቶው ስታሰሊው −2.20 ይሆናል፤ ያኔ መካከለኛው ልጅ ራሱ ከመስመሩ በታች ነበር ማለት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ላይ ስትመነዝሪው 1.69 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ደወሉ በሙሉ ወደ ግራ ተገፍቷል። «ያልቀነጨሩት» 62 በመቶም ቢሆኑ አብዛኞቹ መድረስ ከሚችሉት በታች ናቸው። በሁለት መስመር አር ይህን ማየት መቻል ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ማሳሰቢያ ልጨምር። የእውነተኛ ጥናት ዳታ ላይ የዜዱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ይበልጣል። አንዱ ምክንያት የመለኪያ ስህተት ነው፤ ልጁ ሲንፈራገጥ የተለካ ቁመት አለ፣ እናት በግምት የነገረችው ዕድሜ አለ። በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር የቁመት ዜድ ስኮሩ ከ−6 በታች ወይም ከ+6 በላይ የሆነ ልጅ ከስሌት የሚወጣው ለዚህ ነው። ቴሲስሽ ላይ ስታንዳርድ ዲቪዬሽንሽ 2 ሆኖ ካገኘሽው ስለ ልጆቹ ከመጻፍሽ በፊት መዝጋቢዎችሽን ጠይቂ።

ሁሉ ነገር ኖርማል ነው ብለሽም እንዳትነሺ። በዚያው በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ላይ ቁመት ቀጥታ በኖርማል ሲሠራ ክብደት ግን ወደ ቀኝ ጎተት ያለ ቅርጽ ስላለው ማስተካከያ ተደርጎበታል። ገቢ፣ ሆስፒታል የተኙበት ቀን፣ ወረፋ የጠበቁበት ሰዓት ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። ኪውኪውኖርም(ኤክስ) ብለሽ ነጥቦቹን እይ፤ ቀጥ ባለ መስመር ከተሰለፉ ደህና ነው፣ ጫፉ ላይ ከታጠፉ አስቢበት። ዳታው ኖርማል መሆን አለመሆኑን የሚፈትነው ሻፒሮ ቴስት ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። ናሙናው ሲበዛ ለማይረባ ልዩነት ሁሉ «ኖርማል አይደለም» ይላል።

ልምምዱን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ መሥራት አያስፈልግሽም። ጥቂት ወስደሽ እያንዳንዱን በሦስት መንገድ ሥሪ፤ መጀመሪያ በእጅ ስለሽ ገምቺ፣ ቀጥሎ በሰንጠረዥ፣ መጨረሻ በሶፍትዌር። ግምትሽን ጻፊው፣ በጭንቅላትሽ ብቻ ከያዝሽው መልሱ ሲወጣ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ትያለሽ። ከቤት ሥራሽ ሳንወጣ ሦስት ልስጥሽ። በ84 እና በ93 መካከል የሚሆን ልጅ ስንት በመቶ ነው? ከመቶው 90ው የሚያጥሩት ከየትኛው ቁመት ነው? በዘፈቀደ የተመረጡ 25 ልጆች አማካይ ቁመታቸው ከ86 በታች የመሆን ዕድሉስ?

መልሶቹ በቅደም ተከተል 81.86 በመቶ፣ 90.84 ሳንቲ ሜትር እና 0.0478 ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ሁለት ፒኖርም አስልተሽ ትልቁ ላይ ትንሹን ትቀንሻለሽ። ሦስተኛው ላይ 0.3694 ከወጣልሽ ያሰላሽው ለአንድ ልጅ ነው። ለ25ቱ አማካይ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 3 ሳይሆን 3 ለ5 ተካፍሎ 0.6 ነው፤ ፒኖርም(86, 87, 0.6) ብለሽ እንደገና ሞክሪው።